ለክቡር ፋፍሳ (የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የተማሪ ገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ ፎርም)፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ድህነታችንን በማስረጃ ስለማስደገፍ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሲያትልና በዳላስ የምንገኝ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቤተሰቦች ከእርስዎ ጭንቀት በስተቀር ደህና ነን። ልማድዎ ሆኖ ኦክቶበር 1 ላይ፣ ግሸን ማርያም በምትነግሥበት ሰሞን ብቅ ስለሚሉ፣ ስለት የሚያስገባውና ፎርም የሚሞላው ሰው በአንድ ሳምንት ይጋፋል። አንዳንዱማ ሁለቱን መለየት ትቷል።

ይህን የምጽፈው እኔ የሰፈሬ ፎርም ሞይ ነኝ። ማን እንደሾመኝ አላውቅም። የአክስቴን ልጅ እንደዋዛ ረዳሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቁን ሳልቀምስ ላፕቶፕ ይቀርብልኛል። ስለዚህ ጸባይዎን አውቀዋለሁ።

እስከ 2025–26 ፎርም ድረስ ገና ከስም ይጀምሩ ነበር። ተማሪዋ የአባቷን ስም፣ የልደት ቀንና የሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ) ቁጥር ታስገባ ነበር፤ አንዲት ፊደል ከተዛነፈች አባትና ልጅ አይተዋወቁም ነበር። አባትየው ጸጋዬ ናቸው እንበል። ጸጋዬ ሶሻል ካርዱ ላይ በ“ቲ” ይጀምራል፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ በ“ኤስ”። “ጋሼ፣ የተወለዱበት ቀን?” ስላቸው “የትኛው?” ይሉኛል። እውነታቸውን እኮ ነው። እናታቸው የነገሯቸው አለ፣ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲገለበጥ የተሳሳተው አለ፣ የስደተኛ ወረቀት ላይ የቀረው ጃንዋሪ 1 አለ። ሦስት ልደት ያላቸው ሰው ናቸው፤ አንዱንም አክብረው አያውቁም።

ቀጥሎ ገቢ። የአሁኑን የሚጠይቁ መስሎን ነበር። ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ያሻዎት የ2023 ታክስ ነው። አምና እንኳ አይደለም፣ ካቻምና! ካቻምና ጋሼ ቀን ኡበር፣ ማታ ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር። ዘንድሮ የወገብ ዲስክ ይዟቸው ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቷቸዋል። በእርስዎ ዓይን ግን ዛሬም ሁለት ሥራ የሚሠሩ ጎልማሳ ናቸው። ሥራ የቀረበት ወይም ሕክምና ያራቆተው ቤተሰብ ማስረጃውን ይዞ ቢቀርብ፣ የኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ ድጋፍ) ቢሮ ቁጥሩን ማስተካከል በሕግ ይችላል። ሰው ይህን የሚሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጎረቤት ነው፤ ራሱ ሄዶ ካልጠየቀ ማንም አይጠራውም።

ስለ ንብረት ያነሱብን ጥያቄማ ለብቻው ደብዳቤ ይገባዋል። በባንክ ያለውን ገንዘብ የሚጠይቁት ፎርሙ በሚሞላበት ቀን ባለው ልክ ነው። ገቢው ዝቅ ያለው ቤተሰብ ይህን እንዲዘለው ፈቅደዋል፣ ተመስገን። ያልተፈቀደለት ግን ዕቁብ በደረሰው ማግስት የተቀመጠ እንደሆነ፣ የሃያ ሰው ገንዘብ በስሙ ተቆጥሮበት ሀብታም ሆኖ ይነሣል። ከ2024–25 ጀምሮ ደግሞ ቀድሞ ይተዉት የነበረውን የቤተሰብ እርሻና የትንሽ ንግድ ዋጋ ካልተናገራችሁ አሉ። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ጎጃም ያለችው መሬት ትቆጠራለች?” አሉኝ። ሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ታዲያ የሳቸውን ድርሻ ለክቼ በዶላር ልጻፍልዎ? ደግነቱ በ2025 የወጣው ሕግ እርሻውንም ትንሹን ንግድም ከ2026–27 ጀምሮ መልሶ አስቀርቶታል።

የሚገርመኝ ያልጠየቁት ነው። ጋሼ በየወሩ ለእናታቸው ይልካሉ። የእህታቸውን ልጆች ያስተምራሉ። ለእድር፣ ለለቅሶ፣ ለታመመ ዘመድ ያዋጣሉ። ለዚህ ሁሉ አንዲት መስመር አልሰጡም። በእርስዎ ሒሳብ እጃቸው የገባው ሁሉ እዚያው እጃቸው ላይ ነው። እሳቸው ራሳቸው ቢያገኙት ደስ ባላቸው!

ወደ ዕድሜ እንለፍ። ልጅ 24 ዓመት እስኪሞላው፣ ኪራዩን ራሱ ቢከፍልም እንኳ፣ ያለ ወላጅ ፊርማ አያስተናግዱትም። ልጅ ከወለደ፣ ወታደር ከሆነ፣ ወላጅ አልባ ከሆነ ወይም ካገባ ግን ነጻ ይወጣል። እናቶቻችን ዕድሜያቸውን ሙሉ “ተማሪና ታገቢያለሽ” ሲሉ ኖረው፣ እርስዎ “አግቢና ትማሪያለሽ” ብለው ነገሩን ገለበጡት። አንዲት ልጅ ይህን ባነበብኩላት ቀን እናቷን ቀና ብላ ያየቻት አስተያየት ብዙ ነገር ያስፈራ ነበር።

ዲቪ ደርሶት ብቻውን የመጣው የሃያ ዓመት ልጅስ? ወላጆቹ ደሴ ናቸው። ሶሻል የላቸውም። በ2024 መጀመሪያ ወራት እንዲህ ያለ ወላጅ ያለው ልጅ ፎርሙን መጨረስ አቅቶት ተንጠልጥሎ ነበር፤ ያኔ “ቀለል ብያለሁ” ብለው የመጡበት ጊዜ ነበር ልበል? የማቅለያው ሕግ የወጣው በዲሴምበር 2020 ነው። ኦክቶበር 2023 ይከፈታል የተባለው ፎርም በዲሴምበር መጨረሻ፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ቀን ሲቀረው፣ ደንበኛ ሲያይ መዝጊያውን እንደሚያወርድ ባለሱቅ ገርበብ ብሎ ተዘጋ፣ ገርበብ ብሎ ተዘጋ። ኮሌጆች የተማሪውን መረጃ መቀበል የጀመሩት ማርች ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታ ልግባ። የልጁ ፎርም ካለፈ በኋላ “ለማጣራት ተመርጠሃል” የሚል መልእክት ይመጣል። የኛ ሰው መመረጥን የሚያውቀው በዲቪ ነውና እልል ሊል ምንም አልቀረው። ከዚያ ኮሌጁ ይጽፋል፦ ወላጆችህ ታክስ አላስገቡም ብለሃል፤ አለማስገባታቸውን ከሚኖሩበት አገር የግብር መሥሪያ ቤት በደብዳቤ አስመስክር።

ይህን ትንሽ በዝግታ እንየው። እናትየው ደሴ ፒያሳ እንጀራ ይሸጣሉ። ልጃቸው ደውሎ፣ “እማዬ፣ ገቢዎች ሄደሽ ግብር ከፍለሽ እንደማታውቂ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጪልኝ” ይላል። ክቡር ሆይ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወረፋ ይዘው፣ መስኮቱ ሥር ደርሰው “ልጄ፣ እኔ ግብር ከፍዬ አላውቅም፤ ይኸንኑ ጻፍልኝ” ሲሉ ይታይዎ። ሠራተኛው ቀና ይላል። እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። “ስንት ዓመት ሸጡ ነው የሚሉኝ?” ደብዳቤው ካልተገኘ ቤተሰቡ ያደረገውን ጥረት ገልጾ በፊርማው ማረጋገጥ የሚችልበት መንገድ አለ። ልጁ ይህን የሚያውቀው ግን እናቱን ከላካቸው በኋላ ነው።

ሀብታም እኮ እንዲህ አይንገላታም። ልጁን በቼክ አስመዝግቦ ይሄዳል፤ ሀብታም መሆንህን አረጋግጥ ያለው የለም። ድሃው ነው ድህነቱን በማኅተም የሚያስመሰክር። የቤተሰቡን አቅም የሚለካው አዲሱ ስሌትዎ ደግሞ ከዜሮ በታች እስከ 1,500 ድረስ የሚወርድ ቁጥር አውጥቷል። ዜሮ ያገኘውም፣ ከዜሮ በታች 1,500 የወረደውም የሚያገኙት የፔል ግራንት (ብድር ያልሆነው የፌዴራል የትምህርት ድጎማ) ጣሪያ ግን አንድ ነው። ከባዶ በታች መውረዳችንን ስለለኩልን እናመሰግናለን፤ ማዕረጉን ተቀብለናል።

ላለመዋሸት ያህል፣ ከጀርባዎ ያለው ገንዘብ የሚናቅ አይደለም። በ1972 ተጀምሮ በ1980 በሮድ አይላንዱ ሴናተር በክሌይቦርን ፔል ስም የተጠራው ፔል ግራንት በ2025–26 እስከ 7,395 ዶላር ይሰጣል። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ በአገር አቀፍ አማካይ 4,000 ዶላር ገደማ ነው። ሙሉውን ያገኘ ልጅ ክፍያውን ሸፍኖ በተረፈው መጽሐፍ ይገዛል፣ ኪራይ ይደጉማል። ብድር አይደለም። እናቶች ይህን አያምኑኝም፤ “የአሜሪካ መንግሥት በነጻ? ነገ መጥቶ ቤቴን ቢወስደውስ?” ይላሉ። በምን ልመልስ? እንደ ፖሊስ ጣቢያ መርምረው ሲያበቁ ስጦታ ነው ቢሉ ማን ያምናል? ደግሞ ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ጥሎ የወጣ ልጅ ከፊሉን መልስ ስለሚባል የእናቶች ጥርጣሬ ጨርሶ ከሜዳ የተነሣ አይደለም።

ሌላ ቦታ እንዳንሄድ ደግሞ መንገዱን ይዘውታል። የኮሌጅ ክፍያ የሚሸፍኑት የስቴት ፕሮግራሞች፣ የቴነሲ ፕሮሚስ ቢባል፣ የቨርጂኒያው ጂ3 ቢባል፣ ካምፓስ ውስጥ የሚሠራበት ወርክ ስተዲ ቢባል፣ ወለዱን ልጁ እስኪጨርስ መንግሥት የሚችለው ብድር ቢባል፣ መጀመሪያ “ፋፍሳ ሞልተሃል?” ነው። እንዲህ ያሉ ብዙ የስቴት ፕሮግራሞችም ፔል ከከፈለ በኋላ የቀረውን ብቻ ስለሚሸፍኑ እርስዎን ዘሎ እነሱ ጋ መድረስ ዘበት ነው። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው ልጅ ግን ከእርስዎ ተገላግሏል፤ ከነገንዘቡ። እሱ በሚኖርበት ስቴት ዕድሉን ይሞክራል፤ ዋሽንግተን ስቴት ለእንዲህ ያለው ዋስፋ የሚባል የራሷ ፎርም አላት። ስሙ ከእርስዎ ጋር መመሳሰሉ ለጊዜው ደስ አላለኝም።

እርስዎን ለመሙላት ገንዘብ የሚያስከፍሉትን ግን በስምዎ ልወቅስ። ነጻ መሆንዎን ከስምዎ መጀመሪያ ላይ ጽፈው ሳለ ሰው ሁለት መቶ ዶላር ከፍሎ ያስሞላል። እኔ የምቀበለው ቡና ብቻ ነው፤ እሱንም እስከ ሦስተኛው።

ከማይጠገብ ሰላምታ ጋር፣
የሰፈሩ ፎርም ሞይ

ግልባጭ፦
ለጋሼ፣ የፎርሙን የይለፍ ቃል የጻፉበትን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር እንዳይጥሉት
ለደሴዋ እናት፣ ገቢዎች እንዳይሄዱ
ማግባት ላሰበችው ልጅ፣ እናቷ ደብዳቤውን ካነበቡ በኋላ