እርማት፦ «ክዊክ ስቴፕ» የፍጥነት ስም አይደለም

ወንድሜ፣ ለመስቀል አደባባዩ አዲስ የብስክሌት ክለባችን ስም ስንመርጥ «ትልልቆቹ ቡድኖች ፍጥነትን የሚገልጽ ስም ነው የሚያወጡት፤ የብስክሌት ውድድር ቡድኑን ክዊክ ስቴፕን እዩ» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ስህተት ነው። ክዊክ ስቴፕ የቤት ወለል ንጣፍ የሚሠራ የቤልጅየም ድርጅት ነው። ስሙ የቡድኑ ማሊያ ላይ የወጣው ስፖንሰር ስለሆነ ብቻ ነው። የእኛው ብስክሌተኛ ጽጋቡ ግርማይ በ2018 እ.ኤ.አ. የጋለበለትን ቡድን ትሬክ-ሴጋፍሬዶን ተመልከት፦ አንዱ የአሜሪካ ብስክሌት አምራች፣ ሌላው የጣሊያን ቡና የሚቆላ ድርጅት (ቡናው እንኳ ደስ ይላል!)። ስፖንሰሩ ሲለወጥ ስሙም ይለወጣል፤ የእንግሊዙ ቡድን ስካይ በ2019 እ.ኤ.አ. ኢኒዮስ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ ስፖንሰር የለንም፤ ስለዚህ እነሱን የምንከተልበት ምክንያት አይታየኝም። ብዙ የአውሮፓ ክለቦች በከተማቸው ስም ይጠራሉ። እኛም የሰፈር ስም ብንይዝ ይሻላል፤ የእኔ ድምፅ ለ«ፒያሳ» ነው። እባክህ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ይህን ለልጆቹ ንገርልኝ።