ምንም ሳይሠራ የሚታይ ሰው

በፊልም ዓለም ካሉት ዓይን ያወጡ አድልዎች ሁሉ የሚብሰው ይሄኛው ነው። አንዱ ተዋናይ ያለቅሳል፣ ይንከባለላል፣ ጸጉሩን ይነጫል፣ ግድግዳ በቡጢ ይነርታል፤ እኛ ስልካችንን እንጎረጉራለን። ሌላው በር ከፍቶ ይገባል። ገባ፣ በቃ። ኮቱን አላወለቀም፣ ሰላም አላለም። ሶፋው ላይ የተኮለኮለው ቤተሰብ ግን እስትንፋሱን ይውጣል። ከወጥ ቤት ሲጣራ የነበረውም ሰው መልስ ሲያጣ ተቆጥቶ ይመጣና ቁጣውን ረስቶ እዚያው ደፉ ላይ ቆሞ ይቀራል። ለመሆኑ ሰውየው ምን አደረገ? በሩን ዘጋ።

የፊልም ሰዎች እንዲህ ያለውን «ካሜራ ይወደዋል» ብለው ያልፉታል። ለምን ይወደዋል ስትሏቸው ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። ካሜራ መቼም ከብረትና ከመስታወት የተሠራ ዕቃ ነው፤ ዘመድ የለው፣ እጅ መንሻ አይቀበል፣ አንዱን ወድዶ ሌላውን የሚጠምድበት ምክንያት ሊኖረው አይገባም ነበር። ግን ይጠምዳል። የተጠራጠረ የመታወቂያ ፎቶውን አውጥቶ ይመልከት።

ጃፓናዊው ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ ጉዳዩን በልኬት ሊያስረዳ ሞክሯል። ተራው ተዋናይ አንድ ስሜት ለማስተላለፍ 10 ጫማ ርዝመት ያለው ፊልም ቢፈጅ፣ ቶሺሮ ሚፉኔ በ3 ጫማ ይጨርሰው ነበር ይላል። አንጀት የሚያሳርረው ደግሞ ሚፉኔ ከጦርነቱ በኋላ የቶሆ ስቱዲዮን ደጅ የረገጠው ተዋናይ ልሁን ብሎ አለመሆኑ ነው፤ የፈለገው ካሜራ ክፍል ውስጥ ሥራ ነበር። የተገኘው ግን የአዳዲስ ተዋንያን መልመያ ላይ ነው። እዚያም ንዴት አሳይ ተባለ፤ እንደ አውሬ እየተንጎራደደ ተናደደላቸው። ግማሾቹ ፈታኞች ምን ዓይነት ባለጌ ነው አሉ፤ ኩሮሳዋ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ አብረው 16 ፊልም ሠርተዋል። እኛ ለሥራ ስንፈተን ፈገግ በሉ፣ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ስለ ደካማ ጎናችሁ ስትጠየቁ «ሥራ ማብዛቴ ነው» በሉ ተብለን ነው የምንመከረው። አልጠራንም ብለን ደግሞ እንገረማለን።

በደቂቃ የሚቆጥሩም አሉ። ቢያትሪስ ስትሬት እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው «ኔትወርክ» ፊልም ላይ የምትታየው 5 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ነው። ባሏ ሌላ ሴት እንደወደደ ይነግራታል፤ እሷም የልቧን ትነግረዋለች፤ አለቀ። በዚህችው ኦስካር ወሰደች፤ ከዚህ ያጠረ ትወና ኦስካር አግኝቶ አያውቅም። አንቶኒ ሆፕኪንስም «ዘ ሳይለንስ ኦቭ ዘ ላምብስ» በተባለው የ1991 ፊልም ላይ፣ ከሁለት ሰዓቱ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ በዋና ተዋናይነት ተሸልሟል። እንግዲህ ፍረዱ። ቢሮው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተጎልቶ ውሎ ማታ ሊወጣ ሲል ዘበኛው «ዛሬ ገብተው ነበር እንዴ?» የሚለው ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይበል?

ከዚህም የባሰ አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 ግሬታ ጋርቦ የስዊድን ንግሥት ሆና የሠራችበት ፊልም የሚያልቀው ፊቷ ላይ ነው። የምትወደው ሰው ሞቷል፣ ዙፋኗን ጥላለች፣ መርከቡ አፍንጫ ላይ ቆማ ወደ ፊት ታያለች። ካሜራው ይቀርባል፣ ይቀርባል፣ አሁንም ይቀርባል። ዳይሬክተሩ ሩበን ማሙሊያን ለዚህች ቅጽበት ምን ዓይነት ከባድ መመሪያ ሰጣት? ምንም አታስቢ፤ ፊትሽ ባዶ ይሁን። ሆነም። ተመልካቹ ግን በዚያ ባዶ ፊት ላይ ሐዘኑንም፣ ቆራጥነቱንም፣ ጸጸቱንም፣ የራሱንም የከሸፈ ፍቅር አንብቦ፣ መሐረቡን አርሶ ወጣ።

ምስጢሩ ከእሷ በፊት ተደርሶበታል። ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ ዳይሬክተር ኢቫን ሞዡኪን የተባለውን ተዋናይ አንድ የፊት ቀረጻ ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከቆንጆ ሴት ምስል ጋር ቀጠለው። ፊቱ ያው ነው፤ አንድም ጡንቻ አልተንቀሳቀሰም። ተመልካቹ ግን መራቡን እንዴት አሳየው! ማዘኑን እንዴት አሳየው! መመኘቱን እንዴት አሳየው! አለ። ሥራውን የሠራነው እኛ ነን፤ ጭብጨባው የሄደው ለሱ ነው።

ይህ ሳይንስ በየቤቱም ይሠራል፤ ውጤቱ ነው የሚለየው። አንድ ባል ማታ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን እያየ ነው። ፊቱ እንደ ጋርቦ ባዶ ነው። በጭንቅላቱም ውስጥ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምንም የለም።

«ምን እያሰብክ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ምንም ነዋ።»

«እናቴ ቅዳሜ ትመጣለች ስላልኩህ ነው አይደል?»

ሾርባው፣ ሣጥኑና ቆንጆዋ ሴት አንድ ላይ መጡበት ማለት ነው። ኩሌሾቭ ቢኖር ደስ ይለው ነበር። ሰውየው አሁን ምንም እንዳላሰበ ለማሳመን ፊቱን ያንቀሳቅሳል፤ ቅንድቡን ያነሳል፣ ፈገግ ሊል ይሞክራል፤ ፊቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጥፋተኛነቱ እየጎላ ይሄዳል። ጋርቦ ከዚያ መርከብ ላይ «ኧረ ምንም አላሰብኩም» ማለት አልተጠየቀችም። ካሜራውም ስለ እናቱ አላነሳባትም።

እርግጥ ምንም አለመሥራት ራሱ ሙያ ነው የሚሉ አሉ። ማይክል ኬን እ.ኤ.አ. በ1987 ለቢቢሲ በሰጠው የትወና ትምህርት ላይ አንድ ነገር በተግባር አሳይቶ ነበር። ዓይን እየተርገበገበ የሚነገር ነገር ደካማ ያስመስላል፤ ዓይን ሳይርገበገብ የሚነገር ነገር ግን ሰውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ሲያሳየው እውነትም አስፈሪ ነው። ይህንን ትምህርት ያየ አንድ የማውቀው ሰው የደመወዝ ጭማሪ ጥያቄውን በዚሁ ዘዴ ሊያቀርብ ቆረጠ። ቢሮ ገባ፣ ተቀመጠ፣ አለቃው ላይ አፈጠጠ። «ጭማሪ ይገባኛል» አለ፣ በዝግታ። ከዚያ ዝም። አለቃው ዝም። እሱ ዝም። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኑ መቆጥቆጥ ጀመረ፤ ቀላ፤ ቀጥሎ እንባው በሁለቱም ጉንጩ ኮለል ብሎ ወረደ። እሱ ግን ዘዴው እንዳይበላሽበት አልጠረገውም። አለቃው ተነስተው በራቸውን ዘጉ፣ ውሃ ቀዱለት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል» አሉና የሦስት ቀን ዕረፍት ፈቀዱለት። ደመወዙ ያው እንደነበረ ነው።

ዝምታውም ቢሆን እንደ ሰውየው ነው። ክሊንት ኢስትዉድ እ.ኤ.አ. በ1964 ከዳይሬክተሩ ሰርጂዮ ሊዮኔ ጋር የመጀመሪያውን የካውቦይ ፊልም ሲሠራ፣ ከጽሑፉ ላይ የራሱን ንግግር አስቆርጦ ነው የገባበት። ተዋናይ ንግግር ጨምሩልኝ ብሎ ሲጣላ ነው የምናውቀው፤ እሱ ቀንሱልኝ አለ። ባወራ ቁጥር ሚስጥሩ ይተናል ብሎ ነው። ትክክል ነበር፤ ሲጋሩን ከአንዱ ከንፈሩ ጫፍ ወደ ሌላው ሲያሻግር ዓለም ተንቀጠቀጠለት፤ የሚገርመው ሰውየው ሲጋራ አጫሽ አልነበረም። እስቲ እናንተ ስብሰባ ላይ ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ዝም በሉ። አንደኛ፣ መነጽር ያስፈልገዋል ይባላል። ሁለተኛ፣ ሰብሳቢው ዞር ብሎ «አንተ ምንም ስለማትናገር ቃለ ጉባኤ ያዝ» ይላል።

ማርሎን ብራንዶን ሳላነሳ ባልፍ ቅር የሚለው ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1972 በ«ዘ ጎድፋዘር» ላይ ዓይኑን ወደ ሩቅ ልኮ፣ ቃል ፍለጋ ቆም ብሎ ሲናገር፣ የስንት ዘመን ጥበብ እየመዘዘ ነው ብለን አልነበረም ያደነቅነው? የሚናገረው ነገር በካርቶን ላይ ተጽፎ በየቦታው ይለጠፍለት ነበር፤ ሮበርት ዱቫል ደረቱ ላይ ካርቶን ይዞ የቆመበት ፎቶ አለ። ያ የጥልቅ ሐሳብ እይታ አንዳንዴ ንባብ ነበር። ጭኑ ላይ የተኛችው ድመትም እዚያው ስቱዲዮ ግቢ ውስጥ ስትዞር የተገኘች ናት፤ ካሜራ ፊት ስትቀርብ አንዲት ጭንቀት አልነበረባትም። ተዋናዩ ሲናገር እሷ እያንኮራፋች ድምፁን እስከ መዋጥ ደረሰች። ለኔ ከዚያ ክፍል ውስጥ እውነተኛዋ ኮከብ እሷ ናት።

አገባብ ላይ እንምጣ፤ ሰዎች በጣም የሚቀኑበት እሱ ነውና። «ዘ ሰርድ ማን» በተባለው የ1949 ፊልም ላይ ኦርሰን ዌልስ ከመታየቱ በፊት አንድ ሰዓት ገደማ ስለሱ ይወራል። ጓደኛው ያወራል፣ ፖሊሱ ያወራል፣ ፍቅረኛው ታለቅሳለች። ከዚያ በጨለማ በር ሥር ቆሞ ብርሃን ሲበራበት ቅንድቡን ከፍ፣ ከንፈሩን ሸሸት ያደርጋል፤ ፊልሙን ወሰደው። ዌልስ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር፤ ሌሎች አንድ ሰዓት ሙሉ ስምህን ከጠሩልህ አንተ መግባት ብቻ ነው የሚጠበቅብህ የሚል ሰው ነው። ኦማር ሸሪፍ ደግሞ «ሎውረንስ ኦቭ አረቢያ» በተባለው የ1962 ፊልም ላይ ሲመጣ መጀመሪያ በበረሃው አድማስ ላይ የምትንቀጠቀጥ ነጠብጣብ ናት። ነጠብጣቧ ትረዝማለች፣ ግመል ይሆናል፣ ጥቁር የለበሰ ሰው ይሆናል። ለዚህች አንድ ቀረጻ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ባለ 482 ሚሊሜትር ሌንስ ነው የቀረበለት። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊን ግብፃዊውን ሰውዬ ለዓለም ሲያስተዋውቅ አልቸኮለም።

እኛስ? ከመድረሳችን በፊት አንድ ሰዓት ስለኛ መወራቱ በእርግጥ አይቀርም። ግን ያንን ሐሜት ነው የምንለው፤ ስንገባም ወሬው ይቋረጣል እንጂ ብርሃን አይበራልንም። ከሩቅ ነጠብጣብ ሆኖ መምጣትም ተሞክሯል። በአንድ የልደት ግብዣ ላይ፣ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ፣ አንድ ጎልማሳ ጥቁር ካፖርቱን እንደደረበ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ቆመ። አልገባም፤ ቆመ። ቤቱን ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ቃኘው። ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

«ኧረ በሩን ዝጋው፣ ብርድ አስገባህብን!» አሉ አንዲት አሮጊት፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት።

ልዩነቱ የሴትዮዋ አለማክበር አይደለም። ከፊልሙ በር ጀርባ መብራት የሚይዝ፣ ጭስ የሚነፋ፣ ሌንስ የሚቀይር፣ የሰውየውን ላብ የሚጠርግ፣ «ይመጣል!» እያለ የሚያስፈራራ ስንት ሰው አለ። ሃምፍሪ ቦጋርት እንኳ በ1942 «ካዛብላንካ»ን ሲሠራ ኢንግሪድ በርግማን በቁመት ስለምትበልጠው ጫማው ከፍ እንዲል ተደርጎለታል። ይህ ሁሉ ለሁሉም ተዋናይ ይደረጋል በሉኝ፤ አዎ ይደረጋል። ተደርጎለትም የማይታይ ስንት አለ። እዚህ ላይ እኔም ትከሻዬን ከመስበቅ ሌላ መልስ የለኝም።

ከዋክብቱም ራሳቸው ቢሆን በዚህ ጸጋ አይተማመኑበትም። «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» እ.ኤ.አ. በ1960 ሲቀረጽ ዋናው ሰው ዩል ብራይነር ነበር፤ ስቲቭ ማክዊን ግን ከኋላው ሆኖ አንዴ ባርኔጣውን ያስተካክላል፣ አንዴ ጥይቱን ጆሮው ላይ ያንቀጫቅጫል። ዓይን ሁሉ ወደሱ። ብራይነር ረዘም ብሎ ለመታየት የሚቆምበትን አፈር ይከምር ነበር፣ ማክዊንም ባለፈ ቁጥር በእግሩ ይንድበት ነበር ይባላል። ሁለት ጎልማሶች፣ ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ለአንድ ጭብጥ አፈር።

ይህን ስሰማ አልሳቅኩባቸውም፤ የመሥሪያ ቤት የቡድን ፎቶ ሲነሳ አይቻለሁና። ፎቶ አንሺው «ተዘጋጁ» ባለ ጊዜ አጭሩ የሒሳብ ሹም በጣቶቹ ይቆማል። አንዷ ሁለት ሰዎች መካከል ትከሻዋን አስገብታ በስሱ ትገፋለች። አንዱ ልክ ሊነሳ ሲል ክራባቱን ያስተካክላል። አንዱ ሌንሱን ትቶ እንደ ብራንዶ ወደ ሩቅ ያያል፤ ምን እንደሚያነብ አይታወቅም። ሥራ አስኪያጁ መሐል ላይ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው ትንፋሻቸውን ይዘዋል።

ፎቶው ሲታጠብ ታዲያ ያየው ሰው ሁሉ ጣቱን የሚያሳርፈው አንድ ቦታ ላይ ሆነ። በስተግራ ጥግ፣ ከሰልፉ ውጭ፣ ባልዲ ይዞ ሲያልፍ ድምፅ ሰምቶ ዞር ያለ የጽዳት ሠራተኛ አለ። መስኮቱ ብርሃኑን ጉንጩ ላይ ጥሎበታል። ምንም አላሰበም፤ ባልዲው ከብዶታል፣ በቃ። «ይሄ ማነው?» አለ ሁሉም በየተራ፤ ስለ ሥራ አስኪያጁ የጠየቀ የለም። ከሰዓት በኋላ ፎቶው እንደገና እንዲነሳ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ባለባልዲውም የዚያን ዕለት በጓሮ በር እንዲያልፍ ተነገረው።