ዝናቡን ቼክ የሚያደርገው ፈረንጅ

እስካለፈው ነሐሴ ድረስ እንግሊዘኛ የምችል ይመስለኝ ነበር። ፒያሳ ላይ አንድ አሜሪካዊ ተዋወቅኩ፣ ፋሲል ግቢን አይቶ መውጣቱ ነው፣ ትንሽ ተጫወትንና ወጉ ነውና ቤት እንሂድ ቡና ጠጣ አልኩት፣ ለአክስቴም ደወልኩላት። ሰውየው ፈገግ ብሎ «ካን አይ ቴክ ኤ ሬይን ቼክ?» አይለኝም!

ሬይን ዝናብ ነው፣ ቼክ ማየት ነው፣ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፣ ምን ይከብዳል። «የስ የስ» ብዬ ክንዱን ይዤ ከበረንዳው አወጣሁትና ሰማዩን አሳየሁት። በአዘዞ በኩል ጠቆር ብሏል ግን ሦስተኛውን ሳንጠጣ አይዘንብም ብዬ አረጋገጥኩለት። ሰማዩን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቀ፣ ጨብጦኝ ወደ ሆቴሉ ሄደ። እኔ ጃንጥላ ሊያመጣ መስሎኝ ቤቱን በደንብ ነግሬዋለሁ።

አክስቴ ቄጤማ ጎዝጉዛ ፈንዲሻ በትና ትጠብቃለች። «እንግዳህስ?» አለችኝ።

«ዝናቡን ቼክ እያደረገ ነው።»

«ምነው፣ እርሻ አለው እንዴ?»

አቦል ወረደ፣ ቶና ወረደ፣ በረካም ወረደ፣ ፈረንጅ የለም።

ማታ ጎግል ሳደርግ ነገሩ ለካ የአሜሪካ ቤዝቦል ነው፣ ጨዋታው በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ ሌላ ቀን የሚገባበት ወረቀት ይሰጡታል፣ እሱ ነው ሬይን ቼክ፣ ከዛ ከሜዳ ወጥቶ «ዛሬ ይቅር ሌላ ቀን» ማለት ሆነ። ሰውየው በጨዋ ደንብ እንቢ ሲለኝ እኔ ደመና አስጎበኘዋለሁ።

የሚያናድደኝ ደግሞ እኛ የሰምና ወርቅ አገር ሰዎች መሆናችን ነው፣ ቅኔ ስንሰማ ወርቁን ካላገኘን እንቅልፍ የለንም፣ እንግሊዘኛ ላይ ስንደርስ ግን ሰሙን ልሰን እንሄዳለን። ቲያትር ሊሰራ መድረክ ለሚወጣ ሰው «ብሬክ ኤ ሌግ» ይሉታል፣ እግርህን ስበር፣ መልካም እድል ለማለት እኮ ነው! እስቲ ቅዳሜ ገበያ ሄደህ ለአንዱ በለው፣ የማን እግር እንደሚሰበር ታያለህ። (እውነቱን ለመናገር እኛም አንሻልም፣ አክስቴ ስለኔ «ልቤን አወለቀው» ስትል ቃል በቃል ብተረጉምለት አምቡላንስ ነበር የሚጠራው።)

ቃሉን ካወቅኩት አይቀር ልጠቀምበት ብዬ ትናንት የሰፈራችን ባለሱቅ የዱቤውን 300 ብር ሲጠይቁኝ «ጋሼ፣ ሬይን ቼክ» አልኳቸው።

ከሱቃቸው ብቅ ብለው ሽቅብ አዩና «አይዘንብም፣ ክፈል» አሉኝ።