ለለቅሶ የምንደዋወል ሰዎች ለምርጫ ለምን ዝም እንላለን?

ስዊድን የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ቆጣ ብዬ ብናገር አትቀየሙኝ። ነገሩ የሚያስቆጣ ነው።

እሑድ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2026 ምርጫ አለ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 3 ቀን 2019 መሆኑ ነው። እንቁጣጣሽ ዓርብ ይውላል። ቅዳሜ ቤት ለቤት ስንጠራራ፣ ስንገባበዝ እናመሻለን። እሑድ ደክሞን እንተኛለን። የምፈራው ይህንኑ ነው።

በዚያ ቀን የሚካሄደው ሦስት ምርጫ ነው፦ የፓርላማው፣ የሪጅኑ (የክልል አስተዳደሩ) እና የኮሙኑ (የማዘጋጃ ቤቱ)። ለፓርላማው ዜግነት ይጠይቃል። ለሁለቱ ግን አይጠይቅም። 18 ዓመት የሞላው፣ እስከ ምርጫው ቀን ሦስት ዓመት ሳያቋርጥ በነዋሪነት የተመዘገበ ሰው፣ በኪሱ ያለው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቢሆንም የኮሙኑን ምክር ቤት ይመርጣል። ለመመረጥም ይችላል። የውጭ ዜጎች ይህን መብት መጀመሪያ የተጠቀሙበት በ1976 ነው (ከዚህ በኋላ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ያኔ ከመቶ 60 ያህሉ ወጥተው መረጡ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እየወረደ መጥቶ ዛሬ የሚመርጠው ከግማሽ በታች ነው። ማንም አልከለከለንም። እኛው ነን የተውነው።

እኛ ስንተወው ግን ሌሎች አጥብቀው ያዙት። ስደተኛ መቀበልን የሚቃወሙት የስዊድን ዴሞክራቶች፣ ሁላችንም ኤስዲ የምንላቸው፣ በ1988 ፓርቲያቸውን ሲመሠርቱ በመካከላቸው ከናዚ ድርጅቶች ጋር ንክኪ የነበራቸው ሰዎች ነበሩ። ይህ የእኔ ክስ አይደለም። ፓርቲው ራሱ የታሪክ ተመራማሪ ቀጥሮ አስጠንቶ በ2022 የወጣው መጽሐፍ ነው ያለው። በ2010 በ5.7 ከመቶ ፓርላማ ገቡ። በ2014 12.9 ሆኑ። በ2018 17.5። በ2022 20.5 ከመቶ አግኝተው ሁለተኛው ትልቅ ፓርቲ ሆኑ። ከዚያ ምርጫ በኋላ የተመሠረተው መንግሥት የቆመው በእነሱ ድጋፍ ነው። ወደ አገሩ ለሚመለስ ስደተኛ የሚሰጠው ገንዘብ ከ2026 ጀምሮ ለአንድ ሰው እስከ 350,000 ክሮነር እንዲደርስ የተደረገውም ከእነሱ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው።

ብዙዎቻችን የምንረሳው ነገር አለ። ይህ ፓርቲ ስቶክሆልም የደረሰው በኮሙን በኩል ነው። በደቡብ፣ በስኮነ ክፍለ ሀገር፣ ላንድስክሩና የምትባል ከተማ አለች። በ2006 የከተማዋ መራጭ ከአምስት አንዱ በላይ ድምፁን ለኤስዲ ሰጠ። ያኔ በፓርላማ አንድ ወንበር እንኳን አልነበራቸውም። የጥቂት ከተሞች ጉዳይ ነው ተብሎ ተናቀ። ከአራት ዓመት በኋላ ፓርላማ ገቡ።

ኮሙን ደግሞ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ልጆቻችን የሚውሉበት መዋለ ሕፃናት፣ የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ እኛ ራሳችን ስዊድንኛ የተማርንበት ኤስኤፍአይ የኮሙን ነው። ስንቶቻችን ነን በሄምቴንስት፣ በቤት ለቤት የአረጋውያን እንክብካቤ፣ ከአረጋዊ ቤት ወደ አረጋዊ ቤት እየሮጥን የምንሠራው? ሻወር ለማስወሰድ ስንት ደቂቃ፣ ምሳ ለማሞቅ ስንት ደቂቃ ተብሎ ስልካችን ላይ የሚመጣው ሰዓት ከየት ነው የሚመጣው? በጀቱን የሚያጸድቀው የኮሙኑ ምክር ቤት ነው። ለልጆቻችን የአማርኛ መምህር የሚቀጥረውም ኮሙኑ ነው። ኤስዲ ደግሞ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት በሕዝብ ገንዘብ መሰጠቱ እንዲቀር ሲወተውት የኖረ ፓርቲ ነው። ለማኅበራችን የምናገኘው ድጎማ፣ በቅናሽ የምንከራየው አዳራሽ፣ ይህ ሁሉ በዚያ ምክር ቤት እጅ ነው።

ታዲያ «የሰው አገር ፖለቲካ ምን ያገባኛል?» የምትሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ግብር የምትከፍሉት ለማን ነው? ከደመወዛችሁ ላይ በየወሩ የሚቆረጠውን ግብር በደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ ተመልከቱ። ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ለኮሙንና ለሪጅን ነው። በገንዘባችሁ ስትገቡ ያልፈራችሁትን በድምፃችሁ ለመግባት ለምን ትፈራላችሁ? «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም። ዝም ያልነው እኛ ነን፣ ስለ እኛ ሲወራ የሚውለውም ሌላ ሰው ነው።

በር እያንኳኩ ሰው ማነጋገር ምን ይለውጣል ለምትሉኝ የለንደንን ልንገራችሁ።

በሴፕቴምበር 1993 በምሥራቅ ለንደን፣ አይል ኦፍ ዶግስ ላይ፣ ሚልዎል በሚባል የምርጫ ክልል የአካባቢ ምክር ቤት ማሟያ ምርጫ ተደረገ። ቢኤንፒ የተባለው ዘረኛ ፓርቲ ዴሪክ ቢከን የሚባል እጩ አቀረበና አሸነፈ። ያሸነፈው በስንት ድምፅ ነው? በ7። እኛ በምንኖርበት ሕንፃ አንድ ደረጃ ላይ ያሉ ጎረቤቶች ከሰባት ይበልጣሉ። በማግስቱ በዚያ ሰፈር የነበሩ ቤንጋሊ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሲልኩ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅተንም።

ሰፈርተኛው ግን አልቅሶ አልቀረም። ስምንት ወር ያህል ጊዜ ነበራቸው። ሰው እየዞሩ አስመዘገቡ፣ በር አንኳኩ፣ መርጦ የማያውቀውን ሰው አነጋገሩ። ሜይ 1994 ላይ መደበኛው ምርጫ ደረሰ። ቢከን ያገኘው ድምፅ ከበፊቱ በ560 አካባቢ ጨመረ። ጨምሮም ተሸነፈ! እባካችሁ ይህችን ነገር ልብ በሏት። ዘረኛው ፓርቲ ደጋፊ አላጣም፣ እንዲያውም አገኘ። የጣለው በመጀመሪያው ምርጫ ቤቱ ተኝቶ የነበረው ሰው ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የእኛን ቆዳ የሚነካ ነው። ባርኪንግና ዳገናም እዚያው ምሥራቅ ለንደን ያለ የሠራተኛ ሰፈር ነው። ብዙው ቤተሰብ የሚተዳደረው በፎርድ የመኪና ፋብሪካ ሥራ ነበር፤ የመኪና መገጣጠሙ ሥራ በ2002 ቆመ። የማዘጋጃ ቤት ቤቶች ተሸጠው አልቀው ወጣቱ የሚገባበት ቤት አጣ። ሰዉ ተማረረ፣ ምሬቱም እውነተኛ ነበር። ቢኤንፒ በዚህ ምሬት ላይ ውሸት ጨመረበት። አፍሪካውያን ወደዚያ ሄደው ቤት እንዲገዙ በድብቅ እስከ 50,000 ፓውንድ ይሰጣቸዋል የሚል ወረቀት በየበሩ በተነ። አፍሪካውያን የተባሉት እንደ እኔና እንደ እናንተ ያሉ፣ ሌሊት ቢሮ ሲያጸዱ አድረው ጠዋት አውቶቡስ ላይ የሚያንቀላፉ ሰዎች ናቸው። በ2006 የአካባቢው ምክር ቤት ምርጫ ቢኤንፒ 13 እጩ አቅርቦ 12ቱን አስገባ።

በ2010 የፓርቲው መሪ ኒክ ግሪፈን ራሱ ለፓርላማ ሊወዳደር ወደ ባርኪንግ ሄደ። የአካባቢው የፓርላማ አባል ማርጋሬት ሆጅ በበኩላቸው ነዋሪውን ሻይ እየጠሩ ሲያነጋግሩ ቆይተው ነበር። ስለ ዘረኝነት ንግግር ለማድረግ አልጠሩም። ምን አስቸገራችሁ ብለው ስለ ቤቱ፣ ስለ ቆሻሻው፣ ስለ መንገዱ ሰሙ። ሆፕ ኖት ሄት የተባለው ንቅናቄ ደግሞ ከየአቅጣጫው በጎ ፈቃደኛ አምጥቶ በራሪ ወረቀት እየያዘ ከበር በር ዞረ። በተለይ የፈለጉት ቢኤንፒን የሚጠላውን፣ ግን ለመምረጥ የማይወጣውን ሰው ነው። ውጤቱ ይኸው፦ ግሪፈን ሦስተኛ ወጣ። ቢኤንፒ በአካባቢው ምክር ቤት የነበሩትን 12 ወንበሮች በሙሉ አጣ። አንድም አልቀረለትም።

እኛስ? አንድ ሰው ሲያርፍብን ምን እንደምናደርግ አስቡ። ሌሊት ስልክ ይጮኻል። እስኪነጋ ድረስ ሪንከቢም ተንስታም ያለው ሰው ሁሉ ሰምቷል። አዳራሽ የሚይዘው ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ንፍሮ የምትቀቅለዋ፣ ወንበር የሚያመጣው፣ አስከሬኑ ወደ አገር እንዲሄድ መዋጮ የሚሰበስበው ይታወቃል። ማንም ስብሰባ አልጠራም፣ ማንም ደመወዝ አልተከፈለውም። በዕድራችን ጸሐፊ ደብተር ላይ ስማችን፣ ስልካችን፣ የቤታችን ቁጥር አለ። የባርኪንግ ሰዎች ወራት ፈጅተው የገነቡትን መረብ እኛ በእጃችን ይዘነዋል። ለሞተ ሰው ይህን ያህል የሚተጋ ሕዝብ በሕይወት ላለው ልጁ ሲሆን እንዴት ይሰንፋል?

በርግጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደብተሩ የአባላት አደራ ነው። አባላቱ ሳይስማሙ፣ የአንድ ፓርቲ መሣሪያ መሆን የለበትም። ስትደውሉ «የምርጫ ካርድህ ደርሶሃል? አብረን እንሂድ?» በሉ፣ ይበቃል። ማንን እንደሚመርጥ ሰውየው ራሱ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ከመድረኩ ላይ የፓርቲ ስም መጥራት የለበትም። ቀኑን ማስታወስ ግን የማንንም እምነት አይነካም።

በ2022 ሁስቢ ውስጥ በር ሳንኳኳ አንዲት እናት ከፈቱልኝ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ቡና ሊያፈሉ ተነሡ። ስለ ምርጫ መጣሁ ስላቸው «ልጄ፣ እኔ ዜግነት የለኝም እኮ» አሉ። የመጣልዎት ፖስታ ካለ ያሳዩኝ አልኳቸው። ከጓዳ አንድ የኢካ ፌስታል አመጡ። የሐኪም ቀጠሮ፣ የኤሌክትሪክ ቢል፣ የቤት ኪራይ፣ ሁሉም ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከመሐሉ ያልተከፈተ የምርጫ ካርድ ወጣ። ስማቸው አለበት። የሚመርጡበት ቦታ ተጽፎበታል። «ኮሙን» እና «ሪጅን» የሚሉት ቃላት በግልጽ ተቀምጠዋል። እማማ ካርዱን ተቀብለው ስማቸውን በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡት። «እኔንም ይጠይቁኛል?» አሉኝ። ከዚያ ስልካቸውን አንሥተው ወደ ጓደኛቸው ደወሉ። እንዲህ ያለ ፌስታል በየቤታችን አለ።

እናንተ ወጣቶች፣ ቲክቶክ ላይቭ ላይ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስለ አዲስ አበባ ስትከራከሩ የማላያችሁ እንዳይመስላችሁ። ስለ አገር መቆርቆራችሁን አልነቅፍም። ግን የምትተኙበትን ሰፈር የሚያስተዳድረውን ሰው ስም ታውቃላችሁ? የኤስዲን ቪዲዮ እየተሳደባችሁ ስትቀባበሉት ደግሞ ሥራውን እየሠራችሁለት ነው። ሺህ ሰው ያላየውን እናንተ አሳያችሁት። ያንን ግማሽ ሰዓት ለአክስታችሁ ደውሉበት።

አንድ ሌላም የሚያንገበግበኝ አለ። «ኤስዲ ሠርቶ የሚበላን አይነካም፤ እነሱ የሚሉት ሌሎቹን ነው» የምትሉ አበሾች አላችሁ። ከሶማሌው፣ ከሶርያው የተለያችሁ መስሏችኋል። ፌርማታ ላይ የሚሰድባችሁ ሰው መጀመሪያ የደመወዝ ወረቀታችሁን አይጠይቅም። በጎረቤታችሁ ላይ የተከፈተ በር ነገ በእናንተም ላይ እንደሚከፈት ልባችሁ ያውቃል።

ከስዊድናዊ ጎረቤቶቻችሁ ጋር ደግሞ ተነጋገሩ። ኤስዲን የመረጠ ሁሉ ክፉ ነው ብላችሁ አትዝጉት። የሚፈራው የተኩስ ድምፅ፣ የሐኪም ወረፋ፣ የጡረታ ገንዘብ አለው። እኛም የምንፈራው ይህንኑ ነው። በሄምቴንስት የምታጥቡት አዛውንት ምናልባት ኤስዲን ይመርጣሉ። ሥራ ላይ ስለ ፖለቲካ አታንሡ፣ ልክም አይደለም። በልብስ ማጠቢያ ክፍሉ፣ በግቢው ጽዳት ቀን፣ በልጆች ኳስ ሜዳ ዳር ግን ሰላም በሉ፣ ስማችሁን ንገሩ፣ አዳምጡ። ባርኪንግ ላይ የሠራው ስድብ አልነበረም።

እንግዲህ ሥራው ይህ ነው። ቅድመ ምርጫው የሚጀምረው ኦገስት 26 ነው። በእኛ ነሐሴ 20፣ ፍልሰታ በተፈታ በአራተኛው ቀን። ቤተ መጻሕፍትና የመሳሰሉት ቦታዎች ለዚህ ይከፈታሉ። ለቅድመ ምርጫ ካርዱም መታወቂያውም መያዝ አለበት። ካርዱ የጠፋበት ሰው ሌላ እንዲሰጠው ከአሁኑ ይጠይቅ። መታወቂያ የሌለው ሰው ካለ፣ የራሱን መታወቂያ የሚያሳይ ሌላ ሰው ማንነቱን ሊመሰክርለት ይችላል። የኮሙኑ ድምፅ መስጫ ወረቀት ነጭ ነው፣ የሪጅኑ ሰማያዊ፣ የፓርላማው ቢጫ። እናቶቻችን ቀለሙን ካወቁ አይደናገሩም።

ነሐሴ 24 እሑድ ነው፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል። ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ነጠላውን እንደለበሰ ካርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሙስሊም ወገኖቼ ከጁምዓ በኋላ፣ ፕሮቴስታንቶቹም ከእሑድ ፕሮግራማችሁ በኋላ እንደዚሁ። መኪና ያላችሁ፣ አረጋውያኑን የምታመላልሱት እናንተ ናችሁ። ስማችሁንና ስንት ሰው እንደምትጭኑ ለዕድሩ ጸሐፊ በዚህ ሳምንት አስመዝግቡ።