ለወገኖቼ፦ ስለ ተጣለው ደብተር

ወገኖቼ ሆይ፣ አንድ የኮሪያ ዘማች በገዛ እጃቸው የጻፉት ደብተር ከቤት ጥራጊ ጋር በጆንያ ታስሮ ተጥሏል። ይህ የሆነው በባዕድ አገር አይደለም፤ ዕድርና ጎረቤት ባለበት የአዲስ አበባ ሰፈር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቆመን እያየን ነው። ነገሩን ይቅር ለማለት ሞክሬ አልቻልኩም። ስለዚህ እንዴት እንደተፈጸመ ሳልሸፋፍን እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የምለው ቢመራችሁም እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሰውየውን ሰፈሩ በሙሉ ሃምሳ አለቃ እያለ ነበር የሚጠራቸው። ንጉሡ የላኩት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲዘምት እርሳቸው ገና ለጋ ምልምል ስለነበሩ፣ ተራቸው የደረሰው ከሁለተኛው ሻለቃ ጋር ነው። ከጦርነቱ ተርፈው፣ ትዳር መሥርተው፣ ልጆች ድረው፣ ዘጠናን ተሻግረው ባለፈው ዓመት ዐረፉ። አልጋቸው ሥር አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ነበረቻቸው፤ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀበት ዘመን ለደቡቡ የተዋጋ ሰው ሜዳሊያውን ማሳየት ስለማይበጀው ከአሮጌ ልብስ ሥር ሸሽገዋት እንደኖሩ ደጋግመው ነግረውናል። በሣጥኗ ውስጥ ሜዳሊያዎቻቸው፣ ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር በረዶ ላይ ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍና ጠርዙ የተበላ አንድ ወፍራም ደብተር ነበሩ። ከፎቶግራፉ ጀርባ አምስት ስሞች በሐምራዊ ቀለም ተጽፈዋል፤ ከሁለቱ ስሞች ጎን መስቀል አለ። በደብተሩ ውስጥ ደግሞ አብረዋቸው የዘመቱት ሰዎች ስም ከነአባታቸው፣ የትውልድ አገራቸው፣ የቆሰሉበትና የወደቁበት ኮረብታ፣ አንዳንዶቹም ለቤተሰባቸው የላኩት የመጨረሻ ቃል ሰፍሮ ነበር። አንድ ወጣት ሌሊት ለቅኝት በወጡበት ቆስሎ ውሃ ጠየቀ። የኮዳው ውሃ ግን በረዶ ሆኖ ስለነበር ሃምሳ አለቃ ኮዳውን ከሸሚዛቸው ሥር ከትተው በገላቸው ሙቀት ሲያሟሙት ልጁ ሳይጠጣ ዐረፈ። ይህን ገጽ ብዙዎቻችን ከአንደበታቸው ሰምተነዋል፤ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ማንበቡን ትተው ደብተሩን ይከድኑት ነበር።

በቀብራቸው ዕለት ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ ለቀስተኛውም በብዛት ወጣ፤ በዚህ የሚታማ የለም። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ግን የልጆቻቸው ብዛትና ልጆቹ የሚኖሩበት አገር በዝርዝር ተነገረና፣ ስለ ዘመቻቸው «በውትድርና አገልግለዋል» ከሚል ግማሽ መስመር በቀር አልተነሣም። ከሰልስቱ በኋላ ቤቱ የሚለቀቅ ስለነበር ዕቃው ወጣ። ሜዳሊያዎቹ ዋጋ ያወጡ ይሆናል ተብሎ ተለይተው ተቀመጡ። ሣጥኗን ቆራሌው አይቶ ጠየቀ፤ ቆርቆሮ ናትና ተስማሙ። የፈለገው ባዶዋን ስለነበር በውስጧ ያለው ወረቀት ሁሉ፣ ደብተሩም ፎቶግራፉም፣ ወደ ጆንያ ተገለበጠ። አንዲት አረጋዊት ጎረቤት «ኧረ ልጆቼ፣ የሃምሳ አለቃ ጽሑፍ እኮ ነው፤ አስቀምጡት» ቢሉ፣ የሟች የልጅ ልጅ «እማማ፣ አሁን ይህን የሚያነበው ማን አለ?» ብሎ መለሰላቸው። ጆንያው በር ላይ አደረ። በዚያ በር ስንቶቻችን ገባን፣ ስንቶቻችን ወጣን! በማግስቱ ረፋድ ላይ የቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ጋሪ መጥቶ ወሰደው።

ልጁን እንዳትረግሙብኝ። አያቱን በመጨረሻው ዘመናቸው ያጠባቸውና ያጎረሳቸው፣ ሐኪም ቤት ሲመላለሱም ደግፎ ይዞ የሚሄደው እርሱ ነበር። አያቱን ይወድ ነበር፤ የጻፉት ነገር ለማንም እንደሚጠቅም ግን የነገረው ሰው አልነበረም። «የሚያነበው ማን አለ?» የሚለውን ጥያቄ ከእኛ ነው የተማረው። የአርበኞች ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ በመጣ ቁጥር ሜዳሊያ ያንጠለጠሉ ሽማግሌዎችን እየጎተትን አብረን ፎቶ ስንነሣ፣ በዓሉ ሲያልፍ ግን በራቸውን የሚያንኳኳ ሲጠፋ አይቷል። ሃምሳ አለቃ እነዚያን ገጾች በሚያነቡልን ጊዜ የሁላችንም ስልክ በኪሳችን ነበር፤ አንድ ገጽ እንኳ ያነሣ የለም።

ታዲያ በምን አፋችን ነው ጀግኖቻችንን አንረሳም የምንለው? የቃኘው ልጆች ከ120 በላይ ወገኖቻቸው ቢሞቱባቸውም ለጠላት አንድም ምርኮኛ አልሰጡም ብለን ደረታችንን እንነፋለን። መንፋቱስ ይሁን፤ ከመሐላችን ግን የአንዱን ሟች ስም ከነአባቱ የሚጠራ ስንት ሰው አለ? ኮሪያውያን በቹንቾን ከተማ የኢትዮጵያን ዘማቾች ሐውልት ካቆሙ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በሴኡሉ የጦርነት መታሰቢያ የወደቁት ወገኖቻችን ስም ተጽፏል። ለዘማቾቻችን ድጎማ፣ ለልጅ ልጆቻቸውም የትምህርት ዕድል የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን ኮሪያዊው ሊጠብቅልን የሚችለው ስሙን ብቻ ነው፤ ያ ውሃ የጠየቀው ልጅ ከየትኛው መንደር እንደወጣ፣ እናቱ ማን እንደነበረች፣ ለእርሷ ምን ብሎ እንደላከ የተጻፈው በዚያ ደብተር ላይ ነበር። እናቱም መልእክቱን አልሰማች፣ እኛም አጠፋነው።

ስለ አርበኞቹማ ምን እላለሁ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የነበረ አርበኛ ዛሬ መቶ ዓመት አልፎታል፤ እነርሱን የመጠየቂያው ጊዜ አልፎብናል ማለት ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩትን የአብርሃ ደቦጭንና የሞገስ አስገዶምን ስም እናውቃለን። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሦስት ቀን ውስጥ ከነቤታቸው የተቃጠሉትን፣ በአካፋና በዱላ የተገደሉትን ግን በጅምላ «ሠላሳ ሺህ» ብለን እንጠራቸዋለን። ስድስት ኪሎ ላይ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ የአብዛኞቹን ስም የሚያውቁት ጎረቤቶቻቸው ነበሩ፣ እነርሱም ሳይጠየቁ አለፉ።

አንድ ነገር ደግሞ ያሳዝነኛል። በአገራችን የመጣ መንግሥት ሁሉ ያለፈው መንግሥት ያዘመተውን ወታደር ለማስታወስ ደስ አይለውም። ንጉሡ ያዘመቱት በደርግ ዘመን ሜዳሊያቸውን ደበቁ። ደርግ ያዘመተው ሠራዊት ደግሞ በ1983 ዓ.ም. ሲበተን፣ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ካራማራ ላይ ለአገሩ የደማው ሰው ጭምር የደርግ ወታደር ተብሎ አንገቱን ደፍቶ ኖረ፤ በየመንገዱ እጁን ለልመና የዘረጋም ነበር። እኛም የሕዝብ ልጆች ሆነን ሳለ የመንግሥትን ፊት እያየን ሙታናችንን እንመርጣለን፤ አሁን አሁንማ የማን ወገን እንደሆነ ሳንጠይቅ የማንንም ሙት ማልቀስ አቁመናል። አገሩን ከወራሪ ለመጠበቅ የወጣ ልጅ ማን እንዳዘመተው ተጠይቆ መቃብሩ የሚከበርና የማይከበር ከሆነ፣ ነገ ማን ይዘምትልናል? በዚህ የተነሣ ይህን አደራ ለመንግሥት ብቻ መተው እንደማይቻል አምኛለሁ። የሚጠብቀው የሞተበት ሰፈርና ያሳደገው ቤት ነው።

የኑሮ ውድነቱ ወገባችንን ሰብሮት ደብተር የምንጠብቅበት አቅም የለንም የሚለኝ ሰው አለ። ችግሩን አውቀዋለሁ፤ እኔም የምኖረው እዚያው ውስጥ ነው። ነገር ግን ያን ጆንያ ከበር ለማንሣት ገንዘብ አላስፈለገም። የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የሆነው ወመዘክርም ሆነ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከሰፈራችን በታክሲ የሚደረስባቸው ናቸው፤ ደብተሩን ይዞ በራቸውን ያንኳኳ ሰው ግን አልነበረም።

እንግዲህ የቀሩልንን እንይ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ የነበረ የሃያ ዓመት ወጣት ዛሬ ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው። አጠገባችሁ አለ፤ ምናልባት የግቢያችሁ ዘበኛ ነው፣ ምናልባት ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሲመለስ ሰላምታ የምትለዋወጡት ጎረቤት ነው። በጀግና ስም አትጥሩት፣ ሜዳሊያውንም አታስለብሱት። ቁጭ ብላችሁ ከማን ጋር እንደነበረ፣ ማን እንደሞተበት፣ የሟቹ አገር የት እንደሆነ ጠይቁት፤ ድምፁንም ቅዱት። መናገር የማይፈልግ ይኖራል፤ እርሱን ተዉት። የሚፈልገው ግን ጠያቂ አጥቶ እንዳይሞት።

እኔ በዕድራችን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። የዕድሩ ጸሐፊ መዋጮና ቅጣት የሚመዘግብበት መዝገብ ላይ ለእያንዳንዱ ዘማች አባል አንድ ገጽ ተጨምሮ፣ የት እንደዘመተና እነማንን እንደሚያስታውስ በሕይወት ሳለ ይጻፍለት፤ ቤት ሲለቀቅም ወረቀት ከመጣሉ በፊት ዕድሩ ይየው አልኩ። ዳኛው በጎ ሐሳብ ነው አሉ፣ ጥቂቶች ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ የድንኳኑ ጥገና ጉዳይ ስለረዘመ ነገሩ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ። ብዙ አልጠብቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ስንት ጊዜ ተላልፎ እንደሚቀር አውቃለሁ። ሆኖም በዕድራችን ውስጥ ሁለት የኦጋዴን ዘማቾች ስላሉና ሁለቱም እንናገራለን ስላሉ፣ በሚቀጥለው ወር እንደገና አነሣዋለሁ። እናንተም በየዕድራችሁ አንሡት።