ለበግ እሺ፣ ለበሬ ግን ይከብዳል
"አልትራሳውንድ ይዞ ገጠር ከተገባ የከብቱ ሁሉ የጉበት በሽታ ሳይታረድ ይታወቃል" የሚለው ነገር ተጋኗል። ለበግና ለፍየል ልክ ነው፤ ኬንያ ውስጥ ተሞክሮ የውሻ ትል እጭ ጉበት ላይ የሚሠራውን የውሃ ከረጢት አሳይቷል፣ ምንም እንኳ ሁሉንም ባያገኝም። የእኛ የጎጃም ዋሸራ በግ ደግሞ ፀጉሩ አጭር ስለሆነ ጎኑን ላጭቶ ጄል መቀባት ቀላል ነው። በሬ ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ግራ ጎኑን ጨጓራው ሞልቶታል፣ ጉበቱ የሚታየው በቀኝ በኩል በከፊል ነው፣ ሳንባ ውስጥ ያለውን ከረጢት ደግሞ አየሩ ይጋርደዋል። ከጣና ዳር ረግረግና ከቆጋ መስኖ አካባቢ ለሚግጡት ዋናው ጣጣ የጉበት ትል ነው። ለእሱ እበቱን በውሃ አዝቅጦ እንቁላሉን በማይክሮስኮፕ መፈለግ ይሻላል፣ ይረክሳልም። ችግሩ ትሉ ገብቶ ሁለት ሦስት ወር ካልሞላው እንቁላል አይወጣም። ወደ ውሃ ከረጢቱ ስንመለስ፣ "ሰው የሚይዘው ጥሬ ጉበት ከመብላት ነው" የምትለው ወንድሜ፣ አይደለም። ሰው የሚያዘው ከውሻ ዓይነ ምድር ጋር በሚወጣ የትሉ እንቁላል ነው። ውሻው ደግሞ የሚያዘው እኛ ለፋሲካ ጓሮ አርደን ከረጢት ያለበትን ጉበትና ሳንባ ስንወረውርለት ነው። ቄራ ቢሆን ሐኪም አይቶ ያስወግደዋል፣ ጓሮ ግን ማን ያያል? ማሽኑ እስኪመጣ ያንን ጉበት ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው አጥልቆ መቅበር ወይ ማቃጠል ነው፤ ይህን ለማድረግ በጀት አይጠየቅም።