እባብ አትግደሉ የሚባልበት አገር

አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ላይ እንቁጣጣሽ የሚውለው በጸደይ መግቢያ ነው። እኛ ቄጠማ ፍለጋ ስንሯሯጥ እባቦቹ ደግሞ ከብርዱ ወራት ድብታ ወጥተው ፀሐይ መሞቅ ይጀምራሉ። ከዚያ እስከ መጋቢት ድረስ ወንዝ ዳር ባሉት የእግር መንገዶች ላይ የእባብ ሥዕል ያለበት ማስጠንቀቂያ ታያላችሁ። ተጠንቀቁ፣ ከመንገዱ አትውጡ፣ ውሻችሁን እሰሩ ይላል። ስታዩት ግደሉት የሚል ግን የትም የለም። እንዲያውም መግደል ወንጀል ነው። ይህ ግዛት፣ ቪክቶሪያ፣ በ1975 ያወጣው የዱር እንስሳት ሕግ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ካንጋሮውን እንደሚጠብቅ ሁሉ እባቡንም ይጠብቃል።

ይህን ለአገር ቤት ሰው ሳወራ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «መርዘኛውንም?» አዎ፣ መርዘኛውንም።

መርዘኛ ስል ደግሞ የዋዛ እንዳይመስላችሁ። ኢስተርን ብራውን የሚሉት ቡናማ እባብ አለ። በቤተ ሙከራ አይጥ ላይ በተደረገ ልኬት፣ በመርዙ ኃይል ከዓለም የየብስ እባቦች ሁለተኛ ነው የተባለው እሱ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በእባብ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹን የገደለውም እሱ ነው። ታይገር ስኔክ የሚባለው ደግሞ እንቁራሪት ይወዳል፤ ስለዚህ ጅረትና ኩሬ ካለበት አይጠፋም። እኛ ሐበሾች በብዛት የሰፈርነው በከተማዋ ምዕራብ ነው። ፉትስክሬይ እንጀራና ቡና ገዝቶ፣ ሜልተን ወይም ታርኒት አዲስ ቤት ገብቶ የሚኖር ብዙ ነው። አዲሱ ቤት የተሠራው ትናንት ሣር ሜዳ በነበረ መሬት ላይ ነው። እባቡ አልመጣብንም፤ እኛ ነን የሄድንበት።

አንድ የገና ዕለት ያየሁትን ላውጋችሁ። እዚህ ገና በሐሩር ነው የሚውለው። ሜልተን አንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ልጆች ጓሮ ሲራወጡ አንዷ «ስኔክ!» ብላ ጮኸች። ወጣን። አጥሩ ሥር ከተከመረው የማገዶ እንጨት አጠገብ፣ እንደ እጄ አውራ ጣት የወፈረ ቡናማ እባብ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል። ራሱን ትንሽ ቀና አድርጎ እኛን ያያል። ሌላ ምንም አያደርግም።

የባለቤቲቱ እናት ከደብረ ማርቆስ ለጥየቃ የመጡ ናቸው። እትዬ ምንም አላሉም። ወደ ኩሽና ገብተው ዘነዘና ይዘው ወጡ። አማቻቸው ፊታቸው ተጋረጠ።

«እማማ፣ አይቻልም! ያስቀጣል።»

«ምኑ?»

«እባብ መግደል።»

እትዬ ዘነዘናውን እንደያዙ አንዴ አማቻቸውን፣ አንዴ እባቡን አዩ። የሚቀልድባቸው ነው የመሰላቸው።

ልጆቹና ውሻው ቤት ገቡ። አንድ ሰው ብቻ ራቅ ብሎ እንዲቆምና ዓይኑን ከእባቡ ላይ እንዳይነቅል ተደረገ፤ የት እንደገባ ካልታወቀ የሚይዘው ሰው መጥቶም ዋጋ የለውም። ፈቃድ ያላት እባብ ያዥ ተደወለላት። ወጣት ሴት ናት። ረጅም ቦት ጫማ አድርጋለች፤ በእጇ ጫፉ ቆልመም ያለ ዘንግና የጨርቅ ከረጢት ይዛለች። ጅራቱን በእጇ ያዘች፣ ወገቡን በዘንጉ ደገፈች፣ ከረጢቱ ውስጥ ለቀቀችው፣ አፉን ቋጠረች። ከሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ከዚያ የካርድ ማሽኗን አውጥታ ክፍያዋን ተቀበለችና ራቅ ያለ ጫካ ወስዳ እንደምትለቀው ነግራን ሄደች።

እትዬ እስኪገባቸው ትንሽ ቆዩ። «ቆይ፣ ከፍላችሁ ነው ያስለቀቃችሁት?»

«አዎ እማማ።»

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አሉ። ገና ቢሆንም ማንም አላረማቸውም።

ከእንግዶቹ አንዱ ነገሩን ወደ መጽሐፍ ወሰደው። ራሱን ቀጥቅጥ ተብሎ የለም ወይ አለ። ከመካከላችን የነበሩት ቄስ ዶሯቸውን ሳይተዉ መለሱለት። «እሱ የተባለው ለዲያብሎስ ነው። ይሄኛው አይጥ ፈልጎ ነው የመጣው።»

ቄሱ ልክ ናቸው። እባብ ወደ ሰው ቤት የሚመጣው አይጥ ተከትሎ ነው። የተከመረ እንጨት፣ የተጣለ ቆርቆሮ፣ ያልታጨደ ሣርና የፈሰሰ የዶሮ ጥሬ ካለ አይጥ አለ፤ አይጥ ካለ እሱም አለ። አንዱን ብትገድሉ ግብዣው እስካልተነሳ ድረስ ሌላው ይመጣል። በዚያ ላይ መግደሉ ራሱ ነው አደጋው። እዚህ ከሚነደፉት ሰዎች ጥቂት የማይባሉት እባቡን ሊይዙ ወይም ሊገድሉ ሲታገሉ ነው የተነደፉት። ዝም ብለው ኋላ ቢሉ ኖሮ በራሱ መንገድ ይሄድ ነበር።

ሞቶም አያርፍም። በ2018 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ሰው ጓሮው ያገኘውን መርዘኛ እባብ በአካፋ አንገቱን ቆረጠው። በኋላ ሊጥለው ጎንበስ ሲል የተቆረጠው ራስ እጁን ነደፈው። ሰውየው የዳነው 26 መጠን የመርዝ ማርከሻ ተሰጥቶት ነው። የእባብ ራስ ከተቆረጠ በኋላም ለሰዓታት መንከስ ይችላል። «እባብን ግደል፣ ከነበትሩ ገደል» ያሉት አባቶቻችን ይህን ሳያውቁ አይቀሩም። ገድለህ በቃኝ አትበል፣ የነካውን ዱላ ሳይቀር ወርውር ነው ነገሩ።

ፈረንጁ ሁሉ ደግሞ የእባብ ወዳጅ እንዳይመስላችሁ። ከሜልበርን ሁለት ሰዓት ነድታችሁ ገጠር ብትገቡ አካፋውን በር ላይ አስደግፎ የሚኖር ገበሬ ሞልቷል። ጥሩ እባብ የሞተ እባብ ነው ይላችኋል፤ ሕጉንም ያውቀዋል። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ስዊትዋተር የምትባል ከተማ ከ1958 ጀምሮ በየዓመቱ መጋቢት ላይ እባብ እየሰበሰበች የምትገድልበት ዓመት በዓል አላት። የሙዚቃ፣ የቆዳና የጥብስ ገበያ ነው። ስለዚህ «ነጭ ለእንስሳ ያዝናል፣ እኛ ጨካኝ ነን» የምትለዋ የዲያስፖራ ስብከት እኔን አታሳምነኝም።

እኔ የማየው ልዩነት ሌላ ነው። የሜልተኑ ወዳጃችን እባቡን ቢተወው የሚከስረው ነገር የለም። ቢነደፍ ምን እንደሚሆን ያውቃል። 000 ይደወላል። አምቡላንሱ እስኪመጣ ሰፊ የሚለጠጥ ፋሻ ከተነደፈበት ጀምሮ እግሩን ሙሉ ይጠመጠምለታል፤ እንዳይንቀሳቀስ እንጨት ታስሮለት ይተኛል። ቁስሉ አይታጠብም፤ ቆዳው ላይ የቀረው መርዝ ለምርመራ ይጠቅማል። የዚህ አገር እባቦች መርዝ በአብዛኛው ነርቭንና ደምን የሚያጠቃ ስለሆነ ፋሻው ወደ ሰውነት የሚሄድበትን ፍጥነት ይቀንሰዋል። ሆስፒታል ሲደርስ ማርከሻው አለ። በሜዲኬር፣ በመንግሥት የጤና መድን፣ ለሚታከም ሰው ሂሳብ የለውም። ማርከሻው የሚሠራውም እዚሁ ሜልበርን ነው። መንግሥት በ1916 ባቋቋመው ላቦራቶሪ የታይገር ስኔክ ማርከሻ በ1930፣ የብራውኑ ደግሞ በ1956 ተሠራ። ለፈረስ ጥቂት በጥቂት መርዝ ይሰጡታል፤ የፈረሱ ደም መከላከያ ሲያበጅ እሱን አጣርተው ብልቃጥ ውስጥ ይከቱታል። አውስትራሊያ ውስጥ በዓመት ወደ 3,000 ሰው ይነደፋል ተብሎ ይገመታል። የሚሞተው በአማካይ ሁለት ሰው ነው።

እንግዲህ እባቡን ይቅር ለማለት የሚያስችለው ይህ ሁሉ ነው። ሕጉ የወጣው 1975 ላይ ነው፤ ማርከሻው ከገባ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ።

አሁን መተማን አስቡ። ወይም ሑመራን፣ አብደራፊን። መስከረም አልፎ ሰሊጥ ሲደርስ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ ደጋ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጎበዝ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ይወርዳል። ቀን ሙቀቱ አያሠራም፤ ስለዚህ ማጭዱ የሚነሳው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው፣ አንዳንዴም ሌሊት በጨረቃ። ልጁ ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ አገዳውን ይጨብጣል፣ በቀኝ ያጭዳል። ያ ግራ እጅ የት እንደሚገባ አያይም። እግሩ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ጫማ ናት። ማታ የሚተኛው እዚያው ማሳው ላይ፣ ማዳበሪያ አንጥፎ ነው።

የእኛዋ ወፍራም እፉኝት ደግሞ ጠባይዋ ክፉ ነው። ሌላው እባብ ኮቴ ሲሰማ ይሸሻል። እሷ አትሸሽም። መልኳ ከደረቅ ሣርና ከአፈር ጋር አንድ ስለሆነ አይታየኝም ብላ ባለችበት ትቀራለች። እስክትረገጥ። መርዟ ሥጋ ይበላል፤ እግር ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ካልታከመ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። አጥብቆ በገመድ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ፣ ሁሉም ይሞከራል። ገመዱ እንዲያውም ያብሰዋል፤ መርዙን እዚያው ሥጋው ላይ አስሮ ያቆየዋል። ድንጋዩ ምንም አያደርግም። የአውስትራሊያውን ፋሻም ዝም ብሎ ለእሷ መገልበጥ አይሆንም፤ ሥጋ ለሚበላ መርዝ አይመከርም። እግሩን ሳያንቀሳቅሱ፣ ቀለበትና ጫማ አውልቀው፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ማድረስ ነው ያለው።

ሐኪሙስ ምን አለው? ለአፍሪካ እባቦች ጥሩ የሚባል ፋቭ አፍሪክ የሚሉት ማርከሻ ነበር። አሥር ዓይነት እባብ ይችል ነበር። አምራቹ ሳኖፊ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት አያዋጣኝም ብሎ በ2014 ማምረት አቆመ። የመጨረሻዎቹ ብልቃጦች ጊዜያቸው ያለፈው በሰኔ 2016 ነው። ገዢው ድሃ ስለሆነ መድኃኒቱ ቀረ፤ ነገሩ ይኸው ነው። አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ካላዛርንና የእባብ ንክሻን በነጻ ሲያክሙ ቆይተዋል፤ ከዚያ ውጭ ማርከሻ ማግኘት ዕድል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንክሻን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ዋናው ምድብ ያስገባው ገና በ2017 ነው። በዓለም በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው ይሞትበታል። እግሩ ወይም እጁ ተቆርጦ ወይም ሌላ ዘላቂ የአካል ጉዳት ደርሶበት የሚቀረው ደግሞ የዚያ ሦስት እጥፍ ያህል ነው።

እዚህ ቁጭ ብዬ ለዚያ ልጅ «እባብ እኮ ለተፈጥሮ ሚዛን ይጠቅማል» ብለው ሳቁ ይቀድመዋል። ይጠቅማል፤ እውነት ነው። ጎተራ የሚገለብጠውን አይጥ የሚበላው እሱ ነው። ግን ምክሩን የሚሰጠው ሰው ሆስፒታል አጠገቡ አለ፤ ምክሩን የሚሰማው ማጭድ ብቻ ነው የያዘው።

በነገራችን ላይ፣ የራሳችን ብቻ የሆኑ እፉኝቶች እንዳሉን ስንቶቻችን እናውቃለን? ባሌ ሐረና ጫካ ውስጥ የምትኖር፣ በሐረና ስም የተጠራች እፉኝት በሳይንስ የተመዘገበችው በ2016 ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም። በዋልያና በቀይ ቀበሮ ደረታችንን እንነፋለን፤ እሷን ማንም አያነሳትም። ፖስተር ላይ ባትሆንም የኛው ናት።

ለነገሩ መግደሉ ለልጁም ቢሆን ብዙ አያድነውም። የሚነድፈው ያላየው እባብ ነው፤ ያየውንማ ቢተወውም አይነድፈውም። የሚያድነው ቦት ጫማ ነው። ሌሊት የእጅ ባትሪ ነው። ከመሬት ከፍ ያለ አልጋና ጫፉ ፍራሽ ሥር የተጠቀጠቀ አጎበር ነው፤ የወባ ትንኝም እባብም አንድ ላይ ይከለክላል። እነዚህን የማሳው ባለቤት ለሠራተኛው ቢያቀርብ ከሰሊጡ ዋጋ ምን ያህል ይጎድልበታል? ሰሊጡ ዶላር የሚያመጣ እኮ ነው። የዚህን አገር ሕግ ወደ እኛ ቤት እናስገባ ከተባለ እኔ የምመርጠው እባቡን የሚጠብቀውን አይደለም፤ አሠሪው ለሠራተኛው ጫማ እንዲገዛ የሚያስገድደውን ነው።

የወንድሜ ልጅ ባለፈው ወደ መተማ ሲወርድ ቦትና ባትሪ መግዣ ላክሁለት። ገዛ። ቦቱ ቀን ቀን እግር እንደሚቀቅል ነገረኝ፣ ሌሊት ግን ያደርገዋል። ባትሪውን ሌሎቹም እየተዋሱት ድንጋዩ ቶሎ ያልቅበታል። እባብ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ጠየቅሁት።

«ምን አደርጋለሁ? እገድለዋለሁ እንጂ» አለኝ።

አልተከራከርኩትም። ማርከሻ የሚገኝበት ጤና ተቋም ከሚያጭድበት ማሳ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ያውም መንገዱ ሰላም ከሆነና መኪና ከተገኘ።